ውሾችን ከመርዛማ የግቢና የቤት ውስጥ ተክሎች ስለ መጠበቅ

(በእንስሳት ሐኪሞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




በኢትዮጵያ ከተሞች ውሻ ወደ ግቢ የሚገባው ከሁሉ አስቀድሞ ለጥበቃ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ ወይም ቤቱ ተዘግቶበት ይውላል፤ ማታ የግቢው በር ሲቆለፍና ሰው ሁሉ ወደ ቤት ሲገባ ይፈታል። ስለዚህ ውሻው በግቢው ውስጥ እንደ ልቡ የሚመላለስባቸው ሰዓቶች፣ ምን እንደሚያሸት፣ ምን እንደሚቆፍርና ምን እንደሚያኝክ የሚመለከት ሰው የሌለባቸው ሰዓቶች ናቸው። ጧት ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እግሩ እየተብረከረከ ወይም ሞቶ ሲገኝ ባለቤቱ በአብዛኛው ሁለት ነገር ብቻ ያስባል፤ አንድም «ውሻዬ አብዷል» ይላል፣ አንድም «ጎረቤት መርዞብኛል» ይላል። ሦስተኛው ምክንያት፣ ይኸውም ባለቤቱ በገዛ እጁ ተክሎና ውኃ አጠጥቶ ያሳደገው አበባ፣ ወደ አሳቡ አይመጣም። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ሦስተኛው ምክንያት በሐኪሙም በባለቤቱም አሳብ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

የከተማው ግቢ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት መልኩን ለውጧል። ቀድሞ በግቢው ጥግ የሚበቅለው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ጌሾና ጎመን እያንዳንዱ የታወቀ ስምና የታወቀ አገልግሎት ነበረው። ዛሬ ግን ከሞቃታማው አሜሪካ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና ከሩቅ ምሥራቅ የመጡ ጌጠኛ ተክሎች ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ በጥቁር ላስቲክ ተገዝተው ይገባሉ። ገዢው የሚጠይቀው ዋጋውን፣ የአበባውን ቀለምና ቶሎ ማደጉን ነው፤ ስሙን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ መርዛማ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ይህ ሲባል አደጋው ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ማለት አይደለም። ጉሎ፣ ቁልቋል፣ ቅንጭብ፣ አስተናግርና እንዶድ ከሕዝቡ ጋር ለረጅም ዘመን የኖሩ ተክሎች ሲሆኑ፣ በውሻ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ቀላል አይደለም።

«እንስሳ የሚጎዳውን ያውቃል» የሚል እምነት በሰፊው ይሰማል። በአንድ መስክ ተወልዶ ያደገ ከብት ከእናቱና ከልምዱ ተምሮ አንዳንዱን ቅጠል ያልፍ ይሆናል። ውሻ ግን ሥጋ ለመብላት የተፈጠረ አዳኝ እንስሳ በመሆኑና ተክሉም ትናንት ከሱቅ የመጣ በመሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ ልምድ የለውም። በተለይ ከሦስት እስከ ሰባት ወር ዕድሜ ያለው ቡችላ የወተት ጥርሱን በሚቀይርበት ጊዜ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ያደገውም ውሻ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሲውል፣ የሚጫወትበት ሲያጣ ወይም ብቻውን ሲቀር እንጨት ይነክሳል፣ ሥር ይቆፍራል። ሣር መብላቱ የተለመደ ጠባይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ሣር በሌለበት በሲሚንቶ የተሞላ ግቢ ውስጥ በእጁ የሚገኘው አረንጓዴ ነገር በማሰሮ የተተከለው ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መርዛማ ተክሎችን በስማቸው ተራ ከመዘርዘር ይልቅ በሚጎዱት የሰውነት ክፍል መመደብ ለሐኪሙ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሐኪሙ ፊት የሚቀርበው ውሻው ነውና፣ ተክሉም ብዙ ጊዜ ከውሻው ምልክት ተነሥቶ የሚፈለግ ነውና።

ሀ. አፍንና ዓይንን የሚጎዱ

በየሳሎኑና በየቢሮው የሚታዩት ዲፈንባኪያ፣ ፊሎደንድሮን፣ ሞንስቴራና በግድግዳ ላይ የሚሳበው ፖቶስ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ነጭ ቀንድ የመሰለ አበባ ያለው ካላ ሊሊም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት በላቲን ስሙ ላይ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቅጽል ቢሰጡትም የትውልድ ስፍራው ደቡባዊ አፍሪካ ነው። እነዚህ ተክሎች በቅጠላቸውና በግንዳቸው ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎችን ይዘዋል። ውሻው ሲነክሳቸው መርፌዎቹ ከንፈሩን፣ ምላሱንና ጉሮሮውን ይወጋሉ። ወዲያውኑ ለሃጩ ይፈስሳል፣ አፉን በእግሩ ይፍቃል፣ ምላሱ ያብጣል፣ ለመዋጥ ይቸገራል። ሁኔታው ባለቤቱን ቢያስደነግጥም አብዛኛው ውሻ አፉ በውኃ ታጥቦ ጥቂት ወተት ወይም እርጎ ሲሰጠው ይሻለዋል፤ የሚያሰጋው እብጠቱ የአየር መተላለፊያውን የጠበበ እንደ ሆነ ነው።

ለአጥር የሚተከለው ቅንጭብና ትልቁ ቁልቋል ሲሰበሩ የሚያፈስሱት ነጭ ወተት ቆዳንና አፍን ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የዓይኑን የፊት ሽፋን ክፉኛ ያቆስላል። በአጥር ሥር ሾልኮ ለመውጣት የሚታገል ውሻ አንድ ዓይኑን ጨፍኖና እንባው እየፈሰሰ ቢመጣ፣ በድንጋይ ተመትቷል ከማለት በፊት አጥሩን ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እርዳታ ዓይኑን በንጹሕ ውኃ ደጋግሞና ረዘም ላለ ጊዜ ማጠብ ነው። በገና ሰሞን ቀይ ቅጠሉ የሚደምቀው ፖይንሴቲያ የዚሁ የቁልቋል ዘመድ ነው፤ ስሙ ከሥራው በላይ የገነነ ሲሆን፣ የሚያስከትለው ብዙ ጊዜ ከጥቂት ማስመለስና ከአፍ መቆጣት አያልፍም። መርዛማ ያልሆነውን ወይም በጥቂቱ የሚያስቸግረውን ከገዳዩ ለይቶ መናገርም የሐኪሙ ኃላፊነት ነው፤ ሁሉንም ገዳይ ነው የሚል ሐኪም ስለ እውነተኛው ገዳይ ሲናገር የሚያምነው አያገኝምና።

ለ. ልብን የሚጎዱ

በከተማ አደባባዮችና በመንገድ መካከል የሚተከለው፣ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ አበባ የሚሰጠውና ድርቅን የሚችለው ኦሊያንደር በግቢ ውስጥ ከሚገኙት ተክሎች ሁሉ እጅግ ከሚያሰጉት አንዱ ነው። ቅጠሉ፣ ግንዱ፣ ሥሩና አበባው ኦሊያንድሪን የሚባል የልብ መርዝ ይዘዋል፤ ሲደርቅም መርዙ አይለቀውም፤ የተቆረጠ አበባ የተቀመጠበት ውኃ እንኳ ያሰጋል። ቢጫ አበባ ያለው ቢጫ ኦሊያንደርም ሥራው አንድ ነው። ቀስት ለመመረዝ በጥንት ጊዜ ያገለግል የነበረው ምረንዝና በየግቢው የሚገኘው የእንዳሁላ ወገንም የልብ መርዝ ካላቸው ተክሎች የሚቆጠሩ ናቸው።

መርዙ በልብ ጡንቻ ሕዋሳት ውስጥ ሶዲየምና ፖታሲየም የሚዘዋወሩበትን ፓምፕ ይገታል። ውሻው በመጀመሪያ ያስመልሳል፣ ያስቀምጠዋል፤ ቀጥሎ የልቡ ምት ይዘገያል ወይም ሥርዓቱ ይዛባል፤ ድካምና መውደቅ ይከተላሉ። ሐኪሙ የሆድ ሕመም ብቻ መስሎት የልቡን ምት ሳያዳምጥ ውሻውን ወደ ቤቱ ከሰደደ፣ ውሻው ሌሊቱን ሊሞት ይችላል። ለዚህ ነው የሚያስመልስ ውሻ ሁሉ ልቡ ሊደመጥ የሚገባው።

ሐ. አንጀትንና ሕዋሳትን የሚጎዱ

የጉሎ ፍሬ ራይሲን የሚባል ፕሮቲን አለው፤ ይህም የሰውነት ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያግዳል። የፍሬው ልባስ ጠንካራ ስለ ሆነ ውሻው ሳያኝክ የዋጠው ፍሬ አንዳንድ ጊዜ እንዳለ ይወጣል፤ የታኘከው ግን ጥቂቱም ያሰጋል። ምልክቱ ከጥቂት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ ማስመለስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠትና ፍጹም መድከም ይታያሉ። ማርከሻ የለውም።

ጉሎ በገጠርና በከተማ ምጣድ ለማሰሻና ቆዳ ለማለስለስ የሚያገለግል በመሆኑ ሰዎች ከመርዝ አይቆጥሩትም። በአግባቡ የተዘጋጀው ዘይት መርዙን አይዝም፤ መርዙ የሚቀረው ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚወድቀው ፋጉሎ ውስጥ ነው። ይህም ፋጉሎ ለአትክልት ማዳበሪያ ሲሆን፣ በተለይ ከአጥንት ዱቄት ጋር ከተደባለቀ፣ ሽታው ውሻን ይስባል። ስለዚህ ጉሎ በሌለበት ግቢ እንኳ የጉሎ መርዝ ሊኖር ይችላል።

እንዶድም በዚህ ክፍል ይጠቀሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዚያም ተክሉ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመግደል እንደሚያገለግል ማሳየታቸው የታወቀ ነው። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳሙናማ ንጥረ ነገር በብዛት ሲዋጥ የውሻንም ሆድ ያቃጥላል፣ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። በአንዳንድ አካባቢ የእንዶድን ሥር ለእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት አድርጎ የመስጠት ልማድ አለ። ይህ ውሻውን ከበሽታው አያድነውም፤ በሽታው ላይ መርዝ ይጨምርበታል እንጂ። በእብድ ውሻ በሽታ ላይ የተረጋገጠው መከላከያ ክትባት ነው።

መ. አንጎልንና ነርቭን የሚጎዱ

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ በቆሻሻ መጣያና በተቆፈረ መሬት ላይ በራሱ ይበቅላል። ስሙ ራሱ የሕመሙን ምልክት ይናገራል፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋልና። እንደ መለከት ወደ ታች የተንጠለጠለ ትልቅ አበባ ያለው የግቢ ጌጥም የቅርብ ዘመዱ ነው። ሁለቱም አትሮፒን፣ ሃዮሳያሚንና ስኮፖላሚን አላቸው። ውሻው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ሽንቱ ይያዛል፤ ጌታውን እንደማያውቅ ይቅበዘበዛል፣ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ሠ. ጉበትንና ደምን የሚጎዱ

በሆቴልና በቪላ ደጃፍ የሚተከለው፣ አጭር ዘንባባ የሚመስለው ሳይካስ ጉበትን ያጠፋል። ሁሉም ክፍሉ መርዛማ ቢሆንም ፍሬው ይብሳል፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ውሻን ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ያስመልሳል፤ ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ ግን ድዱና ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ደም ይፈስሰዋል። በየአጥሩ የሚበቅለው የወፍ ቆሎ በከብትና በበግ ጉበት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ለሐኪሞች የታወቀ ነው፤ ያልበሰለ ፍሬውን የበላ ውሻም ማስመለስና ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል።

ከጓሮ አትክልት መካከል ልዩ ትኩረት የሚያስፈልገው ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ፤ መቀቀልም መጥበስም መርዙን አያጠፋውም። አንድ ውሻ በአንድ ጊዜ ከሰውነቱ ክብደት 0.5 ከመቶ በላይ ሽንኩርት ከበላ ለጉዳት ይጋለጣል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 100 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት በአንድ ድስት ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በበዓል ማግስት የወጥ ትራፊ በእንጀራ ተፈትፍቶ የተሰጠው ውሻ ጉዳቱ የሚታይበት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው፤ ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በዚያን ጊዜ ባለቤቱ በዓሉን ረስቶታል፤ ሐኪሙም ካልጠየቀው በመዥገር የሚተላለፍ የደም በሽታ ብቻ ያስባል።

የምልክቶች መመሳሰልና የሚያስከትለው ጥፋት

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ በአገሩ ሁኔታ ውስጥ ሲታይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ለሃጩ የሚፈስሰው፣ መዋጥ ያቃተውና የሚቅበዘበዘው ውሻ ዲፈንባኪያ የነከሰ ወይም አስተናግር የበላ ሊሆን ይችላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ የያዘውም ሊሆን ይችላል። በስሕተቱ የሚከፈለው ዋጋ ግን በሁለቱ በኩል እኩል አይደለም። የተመረዘን ውሻ እብድ ነው ብሎ በዱላ መግደል በአንድ ሰዓት ሕክምና ሊድን የሚችል እንስሳን ማጥፋት ነው። ያበደን ውሻ «ቅጠል በልቶ ነው» ብሎ እጅን ወደ አፉ ማስገባት ግን ሰውን ለሞት ማጋለጥ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላልና።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ሊሆን ይገባል። የክትባት ማስረጃው ያልታየ፣ በቅርብ ጊዜ በሌላ ውሻ የተነከሰ ወይም ጠባዩ ቀስ በቀስ የተለወጠ ውሻ አፉ ያለ ጓንት አይነካም፤ ባለቤቱም አጥንት ተሰንቅሮበት እንደ ሆነ ለማየት ጉሮሮውን እንዳይዳብስ በጥብቅ ይነገረዋል። ውሻው ሰው ነክሶ ወይም ለሃጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ የተነካው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ውሻው እስኪሞት ወይም እስኪድን አይጠበቅም። ውሻው በሕይወት ካለ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። የተክል መመረዝ በአብዛኛው በድንገት ጀምሮ በሰዓቶችና በጥቂት ቀናት ወይ ይብሳል ወይ ይሻላል፤ የተኘከው ቅጠልም ብዙ ጊዜ በግቢው ወይም በትውከቱ ውስጥ ይገኛል። ይህ ልዩነት ይረዳል እንጂ ጥንቃቄን አያስቀርም።

ሁለተኛው መመሳሰል ሰላምን የሚነካ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ በስትሪክኒን የተለወሰ ሥጋ ለዓመታት ሲጣል መኖሩን ነዋሪው ያስታውሳል። ስትሪክኒንም ራሱ ከእስያ ዛፍ ፍሬ የሚወጣ የተክል መርዝ ነው። ከዚህ የተነሣ በድንገት የሞተ ውሻ ሁሉ ሰው እንደ መረዘው ይታመናል፤ በጩኸቱ ተማርሮ የነበረው ጎረቤት ወዲያው ይጠረጠራል። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ይቋረጣል፣ በዕድርና በቡና መገናኘት ይቀራል፣ አንዳንዱም ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ሐኪሙ በዚህ ጊዜ ሳይፈልግ ዳኛ ይሆናል። «ተመርዟል» የሚለው አንዲት ቃል ከአፉ ስትወጣ ባለቤቱ የሚሰማው «ሰው መርዞታል» ተብሎ ነው።

በመሆኑም ሐኪሙ ምልክቱን በጥንቃቄ ሊለይ ይገባዋል። በስትሪክኒን የተመረዘ ውሻ ብዙውን ጊዜ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ እግሮቹ ይገተራሉ፤ ድምፅ ሲሰማና ሲነካ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ኦሊያንደር የበላው ግን ያስመልሳል፣ ይደክማል፣ ልቡ ይዛባል። የሞተም እንደ ሆነ ሆዱ ተከፍቶ ሊታይ ይገባል፤ በጨጓራው ውስጥ የተገኘ አንድ ቁራጭ የኦሊያንደር ቅጠል የሁለት ቤተሰብን ጠብ ሊያስቀር ይችላል። ማስረጃ በሌለበት ደግሞ «የመርዙ ምንጭ አልታወቀም» ማለት ሐኪሙን አያሳፍረውም።

ስለ ሕክምናው

ሕክምናው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ውሻው መቼ ደህና ሆኖ ታየ? በግቢው ውስጥ ምን ተተክሏል? በዚህ ሳምንት ምን ተቆረጠ፣ ምን ማዳበሪያ ተጨመረ? ትናንት ምን በላ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ብዙ ጊዜ ውሻውን በመኪና ይዞት የመጣው ባለቤት አይደለም። ቅርንጫፉን የከረከመው አትክልተኛ፣ ሌሊቱን የነቃው ዘበኛና ትራፊውን የሰጠችው የቤት ሠራተኛ ናቸው። እነርሱ ግን ጥፋቱ በእነርሱ እንዳይላከክ ፈርተው ዝም ይላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ጥያቄውን ሲያቀርብ ወንጀለኛ እንደሚፈልግ ሆኖ ሳይሆን ረዳት እንደሚፈልግ ሆኖ፣ በአክብሮትና ለብቻቸው ቢጠይቃቸው ውሻውን የሚያድነውን መልስ ያገኛል። የተኘከው ቅርንጫፍና ትውከቱም በላስቲክ ተደርጎ እንዲመጣ ማዘዝ ተገቢ ነው።

ውሻው ተክሉን ከበላ ገና ሁለት ሰዓት ያህል ካልሞላውና ንቁ ከሆነ እንዲያስመልስ ማድረግ ይጠቅማል። የሚንቀጠቀጥ፣ ራሱን የሳተ ወይም መዋጥ ያቃተው ውሻ ግን እንዲያስመልስ አይደረግም፤ ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባልና። የሚያቃጥል ወተት የዋጠም እንዲሁ። ባለቤቶች ለማስመለስ ብለው የሚግቱት የጨው ውኃ በራሱ ገዳይ ሊሆን ስለሚችል መከልከል አለበት። አክቲቬትድ ቻርኮል የሚባለው ለሕክምና የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 2 ግራም ተበጥብጦ ቢሰጥ በአንጀት ውስጥ የቀረውን መርዝ ይይዛል። የምድጃ ከሰል ግን ይህን ሥራ አይሠራም።

ወተት የመርዝ ሁሉ ማርከሻ ነው የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው። ወተት በክሪስታል የተወጋን አፍ ያበርዳል፤ በኦሊያንደር፣ በጉሎና በሳይካስ ላይ ግን ኃይል የለውም። ጉዳቱ ወተቱ በራሱ ከሚያደርሰው ይልቅ ባለቤቱ ወተት አጠጥቶ «እስኪ ይታይ» እያለ በሚያሳልፋቸው ሰዓቶች ላይ ነው። ዘይትና እንቁላል በግድ ማጋትም ሳንባን ለጉዳት ያጋልጣል።

የተክሉን ማንነት የማወቅ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ በአትሮፒን ይገለጣል። ኦሊያንደር በልቶ ልቡ የዘገየበትን ውሻ አትሮፒን ሊረዳው ይችላል። አስተናግር የበላው ውሻ ግን የተመረዘው በራሱ በአትሮፒን ስለ ሆነ ይኸው መድኃኒት ሕመሙን ያብስበታል። ለኦሊያንደር የሚሠራው የዲጎክሲን ፀረ አካል ዋጋው ውድ በመሆኑ በተራ የእንስሳት ክሊኒክ የሚጠበቅ አይደለም። ስለዚህ በአብዛኛው ሐኪሙ የሚተማመነው መርዙን ቀድሞ በማስወጣት፣ በደም ሥር ፈሳሽ በመስጠት፣ ልብን በመከታተል፣ መንቀጥቀጥን በዲያዜፓም በማስታገሥና ጊዜ በመግዛት ነው።

ስለ መከላከል

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል በዚህ ጉዳይ ላይ ከቃሉም ከትርጉሙም ጋር ይገጥማል። ባለቤቱ ከሐኪሙ ሊሰማው የሚገባው ምክር ጥቂትና ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ቡችላ ከመግባቱ በፊት የግቢው ተክል ሁሉ በስሙ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ ኦሊያንደር፣ ሳይካስ፣ ጉሎና አስተናግር ውሻ በሚፈታበት ግቢ ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል፤ የግድ ካሉ በሽቦ ይከለሉ፤ የውሻው ቤት ከጥላቸው ሥር አይሠራ። ሦስተኛ፣ የተከረከመ ቅርንጫፍ ወዲያው ከግቢ ይውጣ እንጂ አይከመር፤ ውሻ የወደቀ እንጨት መጫወቻው ነው። የኦሊያንደር ጭስም ስለሚጎዳ በግቢ ውስጥ አይቃጠል። አራተኛ፣ የቤት ውስጥ ተክል በመደርደሪያ ላይ መቀመጡ ብቻ አይበቃም፤ ቅጠሉ የሚረግፍ ወይም ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ቡችላው ይደርስበታል። አምስተኛ፣ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ለውሻ አይሰጥ። ስድስተኛ፣ ውሻው በየቀኑ ይፈታ፣ ይሩጥ፣ የሚያኝከው ነገር ይሰጠው፤ «ተው!» ሲባል ከአፉ መጣልን ይልመድ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ለብዙ መርዝ ምክንያቱ ሰንሰለቱ ነው።

ግቢው ባዶ ይሁን የሚል ሰው የለም። ጽጌረዳ፣ ሱፍ፣ በሶብላና የጥብስ ቅጠል ለውሻ መርዛማ ከማይባሉት መካከል ናቸው፤ ውበትም መዓዛም ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ሰፊ ነው።

ከባለቤቱ ምክር በተጨማሪ ለሙያው የሚቀር ሥራ አለ። በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በግመል ላይ ማተኮሩ የአገሩ ኑሮ ያስገደደው ትክክለኛ ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ በከተማ ክሊኒክ በር ላይ ከሚጠብቁት በሽተኞች ብዙዎቹ ውሾች ሆነዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት ደግሞ የተበታተነ ይሁን እንጂ የጠፋ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ተክሎቹን ከነሳይንሳዊ ስማቸው መዝግቧል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የዕፅዋት ክምችትም ናሙናዎቹን ይዟል። የጎደለው ከዚያ ወደ ክሊኒኩ የሚያደርሰው አንድ ገጽ ነው፤ ይኸውም የተክሉ ሥዕል፣ በአማርኛና በሌሎች የአገሩ ቋንቋዎች የሚጠራበት ስም፣ የሚጎዳው የሰውነት ክፍልና የመጀመሪያው እርዳታ የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። ይህ ሰሌዳ በየክሊኒኩ ግድግዳና በየችግኝ መሸጫው ቢሰቀል፣ ችግኝ ሻጩም ሲሸጥ ስሙን ቢናገር፣ ብዙ ሕይወት ይተርፋል። እያንዳንዱ የማኅበሩ አባልም በክሊኒኩ የሚገጥመውን የተክል መመረዝ በቀኑ፣ በተክሉ ስም፣ በምልክቱና በውጤቱ ቢመዘግብ፣ የሚቀጥለው ትውልድ ሐኪም በግምት ከመሥራት ይድናል።

ውሻ በሌሊት የሰውን ንብረትና ሕይወት ይጠብቃል፤ ደመወዙ ትራፊና ሰንሰለት ነው። የሚጠብቀው ግቢ ራሱ እንዳይገድለው ማድረግ ከባለቤቱ የሚፈለግ ትንሽ ዋጋ ነው። ይህን ለባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ፣ ሳያስፈራሩና ሳያቃልሉ መንገር ደግሞ የእንስሳት ሐኪሙ ድርሻ ነው።